ጸጥ ያለው ቤት

የትርጉም ሥራ ሰውን ያልተጠራበት ቤት ያስገባል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ በእጃችን ያልፋል፤ የሰው ደስታም ሐዘንም ማኅተም ተመትቶበት ጠረጴዛችን ላይ ይቀመጣል። በአንድ የሰኔ ቀን ናይሮቢ ወደሚገኘው ቢሮዬ የገባው ወረቀት ግን ከእነዚህ ሁሉ የቀለለ መስሎኝ ነበር። አንድ የአገሬ ሰው፣ ሴት ልጃቸው አሜሪካ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የመማር ዕድል አግኝታ ኖሮ፣ ኮሌጁ የላከላትን የመኖሪያ ምርጫ ቅጽ ይዘው ከእርሷ ጋር መጡ። ልጅቱ እዚሁ ተወልዳ ያደገች በመሆኗ እንግሊዝኛው አልቸገራትም። አባትየው ግን «ልጄ የምትፈርምበትን ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ላንብበው» ብለው ነው።

ቅጹ ብዙ ይጠይቃል። በስንት ሰዓት ትተኛለሽ? የምታጠኚው በጸጥታ ነው ወይስ ሙዚቃ እየሰማሽ? ክፍልሽ ውስጥ እንግዳ ሲበዛ ደስ ይልሻል ወይስ ይከብድሻል? በመጨረሻም ከተዘረዘሩት የመኖሪያ ዓይነቶች አንዱን እንድትመርጥ ይጠይቃል። ከእነዚያ አንዱ መጠጥ፣ ትንባሆና አደንዛዥ ዕፅ ፈጽሞ የማይገቡበት ቤት ነው። ኮሌጁ ለዚህ ቤት የሰጠውን ስያሜ ቃል በቃል ብተረጉመው «ከቁስ አካል ነፃ የሆነ መኖሪያ» ይወጣዋል፤ እንዲህ ያለው ቤት ደግሞ ለመላእክት እንጂ ለተማሪ የሚሆን አይደለም። ሦስታችንም ሳቅን፤ እኔም «ከመጠጥና ከዕፅ ነፃ ቤት» ብዬ ጻፍሁት።

አባትየው ይህን እንዳነበቡ እስክሪብቶ አወጡ። «ይኸው ነው! እዚህ ላይ ምልክት ታድርግና እንገላገል» አሉ። ልጅቱ ግን አልተቻኮለችም። «አባዬ፣ እኔ መጠጥ አልወድም፣ ጭፈራም አልወድም፤ ታውቃለህ። ግን እዚያ ቤት ከገባሁ ሌሎቹ ሰው የምትንቅ አይሉኝም? ደግሞስ ከሁሉም ተለይቼ አራት ዓመት ብቻዬን ብቀርስ?» አለች። ከዚያም ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?»

አስተርጓሚ የሚከፈለው ለትርጉሙ እንጂ ለምክሩ አይደለምና ነገሩን በፈገግታ አለፍሁት። ጥያቄው ግን እኔን አላለፈኝም። ከማይወደው ነገር መራቅ የማንም ሰው መብት ነው፤ ታዲያ ከነገሩ ስንርቅ አብረን የምንርቃቸው ሰዎች አሉ። ከእነርሱ ጋር ያለን ሒሳብ ምን ይሆናል?

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። ቅጹ «ፓርቲ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ ያነሣል። «ድግስ» ብዬ ልተረጉመው ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ድግስ ምክንያት አለው፤ ሠርግ ነው፣ ክርስትና ነው፣ ተዝካር ነው። ጠሪና ተጠሪ አለው። አዛውንት መርቀው ያስጀምሩታል፤ ሕፃንና ሽማግሌ በአንድ ዳስ ይቀመጡበታል። «በሞቴ» እያለ የሚያስጨንቅ ባይጠፋም፣ ለማይጠጣው ሰው ብርዝ ወይም ለስላሳ ይቀርብለታል እንጂ ከገበታው አይነሣም። የኮሌጁ ፓርቲ ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የዓርብ ማታ መምጣት ብቻ ነው፤ ታዳሚዎቹ ሁሉ እኩዮች ናቸው፤ መጠጡም የገበታው ማጀቢያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ገበታ ሆኗል። ስለዚህ ከፓርቲ የሚርቅ ተማሪ ሰው እንደጠላ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እርሱ የሚሻው ድግስ ነው፤ የቀረበለት ግን ፓርቲ ብቻ ሆኖበት ይቸገራል።

ቀጥሎ የሚነሣው፣ ጉዳዩ ለምን የመኝታ ቤት ጉዳይ ሆነ የሚለው ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ሕግ፣ መጠጥ የመግዣውን ዝቅተኛ ዕድሜ 21 ያላደረገ ክፍለ ግዛት ከፌዴራሉ መንግሥት ከሚያገኘው የአውራ ጎዳና ገንዘብ ከፊሉን እንዲያጣ ደነገገ። ክፍለ ግዛቶቹም ተራ በተራ ዕድሜውን 21 አደረጉ። የኮሌጅ ተማሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ18 ዓመቱ ይገባል፤ ስለዚህ ከአራቱ ዓመታት ለሚበዙት መጠጥ ቤት ገብቶ መጠጣት ሕግ አይፈቅድለትም። መጠጡ ግን በዚህ አልቀረም፤ በተማሪዎች መኝታ ክፍሎችና በግሪክ ፊደላት በሚጠሩት የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት ቤቶች ተሸሸገ። በእኛ ጊዜ ጠጪው ከግቢ ወጥቶ ጠጥቶ ይመለስ ነበር፤ የማይጠጣው አልጋው ላይ ይቀራል። እዚያ ግን ጭፈራው ራሱ እስከ አልጋው ድረስ ይመጣል፤ ከክፍሉ የሚሰደደውም የማይጠጣው ይሆናል። ኮሌጆቹ ከመጠጥና ከዕፅ ነፃ የሆኑ ቤቶችን መክፈት የጀመሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1989 እንዲህ ያለ መኖሪያ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ ደግሞ ወሰኑን 18 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ሕግ ጠርሙሱን ከመደብሩ መስኮት ያነሣል። ወጣቱ ከማን ጋር ውሎ ከማን ጋር እንደሚያመሽ ግን ሕግ አይወስንለትም።

እንግዲህ ወደ ልጅቱ ፍርሃት እንመለስ፤ «ከሁሉም ተለይቼ» ብላ ነበር። ለመሆኑ ይህ «ሁሉም» የሚባለው ማን ነው? የሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ተመራማሪ የነበረው ሄንሪ ዌክስለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 በ140 ኮሌጆች ከ17,000 በላይ ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ በአንድ መቀመጫ፣ ወንድ ከሆነ አምስት፣ ሴት ከሆነች አራትና ከዚያ በላይ መጠጥ በተከታታይ የጠጡት 44 በመቶ ሆነው ተገኙ። ቁጥሩ በጊዜው ብዙ ወላጅ አስደነገጠ፤ ማስደንገጡም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ገልብጠን ብናነበው ከግማሽ በላይ የሆኑት እንዲያ አልጠጡም ማለት ነው፤ ከመቶው 16 ያህሉ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድም አልቀመሱም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓሥርተ ዓመታት እንዲያ የሚጠጡት ድርሻ ቀንሷል።

ታዲያ ይህ ብዙ ሰው የት ተሸሸገ? በዚያው በ1993 ዴቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። ተማሪዎቹን የጠየቋቸው ሁለት ነገር ነው፤ በግቢያችሁ ያለው የመጠጥ ልማድ ለእናንተ ምን ያህል ይስማማችኋል? ለሌላው ተማሪስ ምን ያህል የሚስማማው ይመስላችኋል? መልሱ በአማካይ «ለእኔ እምብዛም አይስማማኝም፤ ለሌሎቹ ግን ይስማማቸዋል» የሚል ሆነ። ሁሉም ስለ ሌላው እንዲህ ካለ፣ «ሌላው» የተባለው ሰው በአብዛኛው በየራሱ ልብ ውስጥ የለም ማለት ነው። እያንዳንዱ ብቻውን የቀረ መስሎት፣ ጽዋውን ይዞ፣ በማያስቀው ነገር ይስቃል። ይባስ ብሎም ወራት ሲያልፉ ወንዶቹ ተማሪዎች የገዛ አመለካከታቸውን የሌሎች ወደመሰላቸው አመለካከት አስጠግተው ተገኙ። በሌለ ሰው ተመሩ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ጸጥ ያለው ቤት ከእንቅልፍና ከጥናት በፊት የሚሰጠው አንድ ጥቅም አለ፤ ተሸሽገው የነበሩትን ለእርስ በርስ ያሳያቸዋል። «እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማ ወጣት ግማሽ ሸክሙ ይቀልለታል። በዚህ ረገድ አባትየው ትክክል ነበሩ።

ይሁንና በተቃራኒው የሚነሣው ክርክርም ቀላል አይደለም። «ነገ በመሥሪያ ቤት፣ በጉርብትና፣ በጋብቻ ሳይቀር ከሚጠጣ ሰው ጋር መኖር አይቀርምና ዛሬ ይልመደው» የሚሉ አሉ። ዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ገቢ ተማሪዎች የዶርም ጓደኛቸውን አስቀድመው እንዳይመርጡ አድርጓል፤ ተማሪዎቹ ከሚመስሏቸው ጋር ብቻ መቧደን አብዝተው ነበርና። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ስም በፊደል ተራ ተለጥፎ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር ዝርዝሩ ሲወስን የኖረውም፣ ሆን ተብሎ ባይሆን እንኳ፣ ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጥ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ ክርክር ግን ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ነው። በኬንያ ትምህርት ቤቶች ባካሄዳቸው ጥናቶች የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ2019 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ የሆነው ማይክል ክሬመር፣ ከዳን ሌቪ ጋር በመሆን በ2008 ያሳተመው አንድ ጥናት አለ። በአንድ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛቸው በዕጣ የደረሳቸውን ተማሪዎች ውጤት መረመሩ። ከኮሌጅ በፊት ይጠጣ ከነበረ ጓደኛ ጋር የተመደቡ ወንዶች፣ ከማይጠጣ ጋር ከተመደቡት ይልቅ አማካይ ውጤታቸው በሩብ ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ በሴቶቹ ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ክፉኛ የተጎዱት ደግሞ ራሳቸውም አዘውትረው ይጠጡ የነበሩና ከመሰላቸው ጋር የተጣመሩት ናቸው፤ የእነዚህ ውጤት ሁለት ሦስተኛ ነጥብ ያህል ወረደ። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው አንድ የማይመች ነገር ተናገሩ። የማይጠጡት ተለይተው ሲወጡ ጠጪዎቹ እርስ በርሳቸው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ከመጠጥ ነፃ የሆኑ ቤቶች የጠቅላላውን ተማሪ ውጤት ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ አሉ።

ይህን ሳነብ አእምሮዬ ወደ 1992 ዓ.ም. ተመለሰ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁ፤ በተደራራቢ አልጋዎች ላይ በአንድ ክፍል ስምንት ሆነን እንኖር ነበር። ከእኔ አልጋ በታች የተኛው ልጅ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ቀልደኛና ሲበዛ ቸር ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ግን ማምሸት ጀመረ፤ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር እየዘፈነ ይገባል፣ መብራት ያበራል፣ ያወከናል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ተማከርንና ፕሮክተሩን ለምነን በዚያው ፎቅ፣ በዚያው መተላለፊያ ጫፍ ወዳለ ጸጥ ያለ ክፍል ተዛወርን። በሰላም ተኛን፤ በሰላም አጠናን። በቦታችን የገቡት ሦስቱ አብረውት የሚያመሹት ነበሩ።

በዓመቱ መጨረሻ ውጤት ሲለጠፍ እርሱ ከተባረሩት መካከል ሆነ። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። ቂም አልነበረበትም። እየሳቀ «እናንተ ከወጣችሁ ወዲህ ‹ተነሥ፣ ክፍል ረፍዷል› የሚለኝ አጣሁ» ብሎኝ ሄደ። እኔ በየጠዋቱ እንደምቀሰቅሰው እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ከላይኛው አልጋ ስወርድ እግሩን ነካ አድርጌ «ተነሥ» እለው ኖሯል።

ይህ ሰው በእኔ ምክንያት ተባረረ አልልም። ስንፍናውም መጠጡም የራሱ ነበር፤ እኔም በሰላም የመተኛት መብት ነበረኝ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሌሎችን እንዲፈውስ በየክፍሉ የሚታደል ክኒን አይደለም። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» እንላለን፤ ምሳሌው ግን መድኃኒቱ ራሱ ተቃጥሎ ይለቅ አላለም። እንቅልፍ አጥቶ፣ ተዋክቦ፣ ፈተና እየወደቀ የሌላውን ጠባይ እንዲያርም ማንንም ልናስገድድ አንችልም። ስለዚህ ከተመራማሪዎቹ ቁጥር ተነሥቶ «የማይጠጡት ከጠጪዎቹ ጋር በግድ ይመደቡ» ማለት፣ በእኔ እምነት፣ ጨዋውን በጨዋነቱ መቅጣት ነው።

ጥፋቴን የምፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ከአዲሱ ክፍላችን እስከ አሮጌው በር ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር። በእነዚያ ወራት ያን መንገድ አንድም ቀን አልሄድሁትም። አልጋ መለወጤ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ሰው የለወጥሁ መሰለኝ። ይባስ ብዬም አለመጠጣቴን እንደ ሥራ ቆጠርሁት፤ በመተላለፊያው ሳገኘው ሰላምታዬ አጠረች፣ ዓይኔ ከእርሱ ላይ ለመነሣት ቸኮለች። አለመጠጣት ግን ከአንድ ነገር መቆጠብ ብቻ ነው፤ በራሱ ለማንም ምንም አይሰጥም። ሌሊቱን ሙሉ ጠጥቶ ያደረው ያ ልጅ፣ ብር ያጠረው ተማሪ ሲያይ የመጨረሻ ሳንቲሙን አውጥቶ ይሰጥ ነበር። እኔ ከመጠጥ ነፃ ነበርሁ፤ ከንቀት ግን ነፃ አልነበርሁም። ለዚህኛው የሚሆን ቤት በየትኛውም ቅጽ ላይ አልተዘረዘረም።

በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀውን ሐተታ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ቢከራከሩበትም፣ በዚህ ረገድ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ባለታሪኩ ከከሳሾቹ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ይቀመጣል፤ የሐሳቡንም መሠረት የሚጥለው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ዋሻውን ነው። ታሪኩ ግን እዚያ አያልቅም። ጊዜው ሲፈቅድለት ወጥቶ ወደ እንፍራዝ ይሄዳል፣ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ይጠጋል፣ ይጽፋል፣ ልጆች ያስተምራል፣ ያገባል። ዋሻው እንዲያስብ ረዳው፤ ያሰበውን ግን የኖረው በሰው መካከል ነው። ጸጥታ የሚመዘነው ከእርሱ ስንወጣ ለሰው ይዘንለት በምንሄደው ነገር ነው ብል አላጋነንሁም።

አባትና ልጅ ትርጉሙን ሊወስዱ በሳምንቱ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ያልተጠየቅሁትን ምክር ለመስጠት ደፈርሁ። «ልጄ፣ ያን ዕለት ጠይቀሽኝ ነበር» አልኋት። «እኔ ብሆን ጸጥ ያለውን ቤት እመርጣለሁ፤ እንቅልፍሽን ለማንም ይሉኝታ አትሽጪ። የማትወጂውን ነገር እንደምትወጂ መስለሽ አራት ዓመት መኖርም ውሸት ነው። ነገር ግን ቤቱን የመረጥሽው ከምን ለመራቅ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ለምን ለመቅረብ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። በሌላው ፎቅ ያለችው ልጅ ሰክራ ብታያት፣ ጠዋት በሯን የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋታል። ያቺ ሰው አንቺ እንድትሆኚ ግዴታ የለብሽም። ሃያ እርምጃ ከሆነ ግን ሂጂ።» ከዚያም የታችኛውን አልጋ ልጅ ታሪክ ነገርኋት። ዝም ብላ አዳመጠችኝ።

አባትየው በዚህ ጊዜ እስክሪብቶውን ለልጃቸው ሰጧት። ራሷ ከመጠጥና ከዕፅ ነፃ በሆነው ቤት ላይ ምልክት አደረገች።

ከቅጹ ጋር የተያያዘ የደንብ ወረቀት ነበረ፤ አባትየው እርሱንም ማንበብ ያዙ። በመኝታ ክፍል ውስጥ ከሰልም ሆነ ሻማ ማንደድ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃም ማስቀመጥ ክልክል መሆኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። እናትየው ለጉዞው ጀበና ገዝተው ኖሯል። «ታዲያ ቡናዋን የት ልታፈላ ነው?» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ ደንቡን ያወጣሁት እኔ የሆንሁ ይመስል።

ወረቀቱን ገልጬ ሳነብ፣ ምግብ ማብሰል የሚፈቀደው በየፎቁ ባለው የጋራ ማእድ ቤት ብቻ ነው ይላል። ልጅቱ ቀድማኝ አንብባው ነበር።

«በጋራው ማእድ ቤት ነዋ፣ አባዬ» አለች። «ለሁሉም እንዲደርስ ትልቁን ጀበና እወስዳለሁ።»